ከጦር ሜዳ ሬዲዮ ወደ መንግሥት ሰርቨር

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሻምበል» ይሉኛል። ሻምበል ሆኜ አላውቅም፤ ሠራዊቱን የለቀቅሁት ሃምሳ አለቃ ሆኜ ነው። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ድሮ ወታደር የነበረ ሁሉ ሻምበል ነው። ተከራክሬ አላሸንፍም፣ ትቼዋለሁ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ። የምሠራውም እዚሁ በከተማዋ ደቡብ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሲስተም አድሚኒስትሬተር ነኝ። ሰርቨሩን (የመሥሪያ ቤቱ መረጃ የሚቀመጥበትን ዋና ኮምፒውተር)፣ ኔትወርኩን፣ የሠራተኛውን አካውንትና ባክአፑን (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) እይዛለሁ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም የምጠራው እኔው ነኝ።

ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። ጎረቤቶቼ «ለምንድን ነው ሁልጊዜ ሲስተም የሌለው?» ይሉኛል። የድሮ ጓዶቼ ደግሞ «እኛስ ይህን ሥራ መልመድ እንችላለን?» ይላሉ። ሁለቱንም እዚህ ልመልስ። በመንግሥት ቢሮ አዲስ ለሚቀጠሩ የአይቲ ልጆችም የሚሆን ነገር አይጠፋበትም።

መልሴን ባጭሩ ላስቀድም። እኔ እንዳየሁት የመንግሥት ሲስተም የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ ጠፍቶ አይደለም። ሰርቨሩ ተገዝቷል፣ ሪባኑ ተቆርጧል፣ ፎቶውም ተነስቷል። የሌለው ተረኛ ነው። የሌለው መዝገብና ርክክብ ነው። ከዚህ የባሰ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ቁልፉን የያዘውን ሰው ማን ያየዋል? እኔን ጨምሮ ማለቴ ነው።

ሠራዊቱን የተቀላቀልኩት የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በተነሳበት በ1990 ዓ.ም. ነው። ከሥልጠና በኋላ መገናኛ ክፍል ደረሰኝ። ቡሬ ግንባር ነበርኩ። የአፋርን ሙቀት ያላየ ሰው ባትሪ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሞት አይገባውም። ሌላው ጥይት ይቆጥራል፣ እኛ ባትሪ እንቆጥራለን። ዛሬም ሰርቨር ክፍል ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዩፒኤሱ ነው፤ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ። የተለመደው የዩፒኤስ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ክፍሉ ከሞቀ ዕድሜው ያጥራል። ብዙ ቦታ ኤሲው ተበላሽቶ በሩ በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ተትቷል፤ ባትሪው መቼ እንደተገዛ የሚያውቅ ሰውም የለም። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ አንዴ ይጮህና አብሮ ይጠፋል። ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የተገዛበትን ቀን በማርከር ባትሪው ላይ ጻፉበት።

ግንባር ላይ ተረኛ ሲቀየር ርክክብ አለ። ሬዲዮው ይሠራል? ባትሪ ስንት ቀረ? የትኛው ጣቢያ መለሰ፣ የትኛው ዝም አለ? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ይህ ሁሉ ተጽፎ ይፈረምበታል። ከሁሉ የሚያስጨንቀን ዝም ያለ ጣቢያ ነበር። የሚጮህ ሰው ቢያንስ በሕይወት አለ። ዝም ያለው ግን ባትሪ አልቆበት ይሁን፣ ተመትቶ ይሁን፣ እንቅልፍ ጥሎት ይሁን አይታወቅም። ስለዚህ ምንም ወሬ ባይኖር እንኳ በተወሰነው ሰዓት «አለሁ» ማለት ግዴታ ነበር።

ባክአፕ ላይ የማደርገው ይህንኑ ነው። ብዙ ቦታ ባክአፕ የሚያደርገው ፕሮግራም ችግር ሲገጥመው ብቻ ኢሜይል እንዲልክ ይደረጋል። መልእክት ካልመጣ ሰላም ነው ተብሎ ይታለፋል። ፕሮግራሙ ራሱ ከቆመስ? ኢሜይሉ ከተዘጋስ? የኔው በየማለዳው «ሠርቻለሁ፣ ይህን ያህል ጊጋባይት ገልብጫለሁ» ብሎ እንዲልክ አድርጌዋለሁ። ካልመጣ ሻይ ሳልጠጣ እሱን አያለሁ። መጠኑ ከትናንቱ በጣም ካነሰም እንደዚያው። የተቀረውን በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከግቢው ውጭ። ማወቅና ማድረግ ግን ይለያያሉ። ባክአፕ ያለው መሥሪያ ቤት ብዙ ነው፤ ባክአፑን መልሶ ከፍቶ የሞከረ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ለሰላም ማስከበር ላይቤሪያ ሄድኩ። ቁጭ ብዬ ኮምፒውተር የነካሁት እዚያ ነው። ስመለስ ቴክኒክና ሙያ በማታው ክፍለ ጊዜ ተመዘገብኩ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተናውንም ወሰድኩ። ሊኑክስን (በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ነፃ ሥርዓት) ግን የተማርኩት ከመርካቶ በገዛሁት አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ እየጫንኩና እያፈረስኩ ነው። ባለቤቴ «ይሄ ዕቃ አንድ ቀን እንኳ ደህና ሆኖ አያድርም?» ትለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ «ሲስተም የለም» ልምጣ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ይህን ስትላችሁ ብዙ ነገር ማለቷ ሊሆን ይችላል። መብራት ሄዶ ይሆናል። ፋይበር ተቆርጦ ይሆናል፤ በኛ አካባቢ መንገድ በተቆፈረ ቁጥር የሚያጋጥም ነው። መሃል ከተማ ያለው ዋናው ሰርቨር ቆሞ ይሆናል። የሶፍትዌሩ የጥገና ውል አልቆ፣ የሚያድስ ጠፍቶ ይሆናል። ወይም ሲስተሙ ደህና ነው፤ ፓስወርዱን የያዘው ኃላፊ ስብሰባ ገብቷል።

የመጨረሻው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ለትብብር ተጠርቼ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። አንዲት እናት ከገላን በኩል መጥተው፣ የቤታቸውን ሰነድ በፌስታል ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የአይቲ ሰው መሆኔን ሲያውቁ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ሲስተም የሚሉት መቼ ነው የሚመጣው? ትናንትም የለም ብለው መለሱኝ» አሉኝ። ገብቼ አየሁ። ሰርቨሩ ይሠራል። ኔትወርኩም ይሠራል። የማጽደቂያው አካውንት ግን አንድ ብቻ ነው፤ የተያዘው በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ሥልጠና ብሎ ቢሾፍቱ ወርዷል። ተወካይ የለውም። ወጥቼ «እማማ፣ ሲስተሙስ አለ፤ ሰውየው ነው የሌለው» አልኳቸው። «ታዲያ እንደሱ አይሉኝም?» ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው። ሰውየው የለም ቢባሉ ኖሮ መቼ እንደሚመለስ ይጠይቁ ነበር፣ አለቃውን ይጠሩ ነበር። ሲስተም የለም ሲባሉ ግን ማንን ይጠይቁ? ቃሉ ጥፋቱን ከሰው ላይ አንስቶ ወደማይታይ ነገር ይወስደዋል።

ወታደር ቤት አዛዥ ሲወድቅ ምክትሉ ይይዛል። ምክትሉም ቢወድቅ ቀጣዩ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሬዲዮ ሲቋረጥ መልእክተኛ ይሮጣል። ይህ የተራቀቀ ነገር አይደለም። መንግሥት አንድን አገልግሎት ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ ግን ብዙ ጊዜ የድሮውን መዝገብ በዚያው ቀን ይዘጋዋል። እኔ ዲጂታሉን እደግፋለሁ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር ሰፈራችን ውስጥ ቀድመው ከተመዘገቡት አንዱ ነኝ። ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሁን ሲባልም፣ በ2015፣ ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ማደያው ምን ያድርግ የሚለው ከመመሪያው ጋር አብሮ መጻፍ አለበት። አምቡላንሱ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ወረፋ ላይ ሳላችሁ «ሲስተም የለም» ከተባላችሁ ሦስት ነገር ብቻ በትሕትና ጠይቁ። የተቋረጠው እዚህ መስኮት ነው ወይስ ሁሉም ጋ? ማመልከቻዬን በወረቀት ተቀብላችሁ የዛሬውን ቀን ጽፋችሁ ትፈርሙልኛላችሁ? ይህን የሚያጸድቀው ኃላፊ ከሌለ ተወካዩ ማን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ አንዳንዴ ሲስተሙን ከሞት ያስነሳዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ከመብራትና ከፋይበር ይልቅ ጊዜዬን የሚበላው ግን ሌላ ነገር ነው። የሰው ስም።

አንድ ኃይለማርያም የሚባል ሰው በአንድ መዝገብ በ«ኃ» ተጽፏል፣ በሌላው በ«ሃ»፣ በሦስተኛው በ«ሀ»። ለእኛ ሲነበብ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። ፀሐይን በስንት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል እስቲ ቁጠሩ፤ «ፀ» እና «ጸ» አለ፣ ከዚያ «ሐ»፣ «ሀ»፣ «ሃ»። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍማ ጉዱ ይብሳል። መስኮት ላይ ያለው ልጅ አንዱን ጽፎ ይፈልጋል፣ አይመጣለትም። «ስምዎ የለም» ይላል። ሰውየው እንደገና ይመዘገባል፤ አሁን ሁለት ሆነ። ግብር ሲመጣ ሁለት ጊዜ፣ ጥቅም ሲመጣ አንድም ጊዜ የሌለ ሰው ተፈጠረ ማለት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ባለቤቱ የጻፈው ስም እንዳለ ይቀመጣል፣ አይነካም። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ይሠራል። እዚያ «ሐ»፣ «ኀ»፣ «ኃ»፣ «ሃ» ሁሉ ወደ «ሀ» ይቀየራሉ። «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ»። ፍለጋው በዚያ ዓምድ ይሄዳል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር ውስጥ ግን ይህ የለም፤ ሻጩ ችግሩ መኖሩን አያውቅምና። ጨረታው ላይ የሚጽፍለት ካልተገኘ ማን ይነግረዋል?

የቀን ጉዳይም አለ። ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ምን ያህል እንደሚንገላታ የሚያውቅ ያውቀዋል። አስራ ሁለት ወር ብቻ የሚያሳይ ቅጽ ላይ ልጁ በነሐሴ እንደተወለደ ይጻፋል። ቀኑን በአንድ አቆጣጠር አስቀምጡ፣ ለሰው ስታሳዩ በኛው አሳዩ። የድሮ ፋይሎችም አሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ዓይነት በሚያነበው የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ቢሮዎቻችን ውስጥ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን፣ ደብዳቤው ሁሉ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ ፎንት ነበር የሚጻፈው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የተበታተነ የላቲን ምልክት ነው። የዚያ ዘመን ውሳኔና ቃለ ጉባኤ ያለው ሁሉ ፎንቱን የሚያውቁት ሰዎች ጡረታ ሳይወጡ ወደ ዩኒኮድ ይቀይረው።

ስለ ሰዓት ደግሞ ጣልቃ ላስገባ። ሰርቨሬ የሚመዘግበው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የግድግዳው ሰዓት በፈረንጅ ነው። ጥበቃው የሚነግረኝ በኛ ነው። ሰርቨሩ 6 ሰዓት ሲል ግድግዳው 9፣ ጥበቃው ከጠዋቱ 3 ይላል። ሌሊት ማን ገባ ብሎ የሚጣራ ሰው ይህን መጀመሪያ ካላስማማ ንጹሕ ሰው ይከሳል።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የገጠመውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣት ቻሉ፤ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣ ተናገረ። የተሰጠው ምክንያት የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ነበር። ያኔ ሰፈር ውስጥ ወሬው ሁሉ ከኤቲኤም ገንዘብ ስላወጡት ተማሪዎች ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ማሻሻያ የሚባለው ነገር ከጠላት እኩል ይፈራል። ከመንካታችሁ በፊት ወደነበረበት እንዴት እንደምትመልሱት ጻፉ። ማን እንደሚከታተል ወስኑ። ሌሊቱን የሚነቃ ሰው ከሌለ ማሻሻያው ይቆይ።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ።

አንድ ቀን አንድ ኃላፊ ደወለልኝ። «ሻምበል፣ የእገሌን ፋይል አውጣና በቴሌግራም ላክልኝ» አለኝ። ፋይሉ የአንድ ባለጉዳይ ነው። ስልክ፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ ሁሉም አለበት። ለምን እንደፈለገው አልነገረኝም። «ጌታዬ፣ በደብዳቤ ያድርጉልኝ» አልኩት። «ወታደር አይደለህ እንዴ? ትዕዛዝ እኮ ነው!» አለኝ። «ወታደር ስለሆንኩ ነው፤ ከንብረት ክፍል ያለ ሞዴል 22፣ ያለ ወጪ ደረሰኝ፣ ዕቃ አይወጣም» አልኩት። ሳቀና ዘጋው። ደብዳቤው አልመጣም።

ግንባር ላይ የቃል ትዕዛዝ ይፈጸማል፤ ጊዜ የለም፣ ሪፖርቱ በኋላ ይደርሳል። ሰርቨር ክፍል ውስጥ ግን የሚቸኩል ጥይት የለም። የሰው መረጃ በቃል ትዕዛዝ መውጣት የለበትም። እኔ ግን እምቢ ያልኩት ባሕርዬ ስለሆነ ነው። ነገ በቦታዬ የሚተካው ልጅ የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ፣ የቤት ኪራይ ያለበት ቢሆንስ? መንግሥት የዜጋን መረጃ በአንድ አይቲ ሠራተኛ ድፍረት ላይ ማስጠበቅ አይችልም። ሲስተሙ ራሱ እምቢ ማለት አለበት።

እኛ ቢሮ ያደረግነው ይህ ነው። «አድሚን» የሚባል የጋራ አካውንት ጠፍቷል፤ ሁሉም በስሙ ይገባል። ማን የማንን ፋይል እንደከፈተ የሚመዘግበው ሎግ በዚያው ሰከንድ ወደ ሌላ ሰርቨር ይገለበጣል። ያንን ሰርቨር እኔ መግባት አልችልም፤ ቁልፉ ኦዲት ክፍል ነው። ኃላፊውም እኔም እንዳንደልዘው ነው። ዋናው ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ፣ ፊርማ አርፎበት፣ ካዝና ውስጥ አለ። እኔን ነገ መኪና ቢገጨኝ ሥራው አይቆምም።

ክሊራንስም አለ። ሠራተኛ ሲለቅ ወንበሩን፣ ካልኩሌተሩን፣ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ መመለሱ ተጣርቶ ይፈረምለታል። አካውንቱ መዘጋቱን የሚጠይቅ መስመር ግን ቅጹ ላይ የለም። ከለቀቁ ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች ፓስወርድ አሁንም የሚሠራበት ቢሮ ሞልቷል። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ማስጨመር ምንም በጀት አይጠይቅም። አስጨምሩ።

ሶፍትዌር ሠርቶ የሚያስረክበውን ድርጅትም አትርሱ። ውሉ ላይ ሶርስ ኮዱ (ሶፍትዌሩ የተጻፈበት ዋና ጽሑፍ) የማን እንደሆነ ካልተጻፈ፣ የሕዝብ መዝገብ ቁልፍ በአንድ የግል ድርጅት ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል። ፋይዳን፣ ብሔራዊውን ዲጂታል መታወቂያ፣ በዚህ በኩል እወደዋለሁ። የተሠራው ሞሲፕ በሚባል፣ ሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ኮዱን የሚችል ሁሉ ሊያየው ይችላል። አንድ ሻጭ ተቆጥቶ ቢሄድ አገር አይቆምም።

ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ይወስዳል። ጎረቤቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው። የጣቱ አሻራ ከሥራው ብዛት ተበልቶ መሣሪያው አልቀበል አለው። በዓይኑ ዳነ። እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን ፓስወርድ ከተሰረቀ ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም። ስለዚህ መረጃውን ማን ያያል የሚለው ጥያቄ የተቃዋሚም የደጋፊም አይደለም፣ የባለጣቱ ነው። ሕግ አለን። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ቁጥር 1284/2015 ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ ደግሞ ቁጥር 1321/2016 ነው። በዚህኛው መሠረት ስለ እናንተ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስህተቱን የማስተካከል መብት አላችሁ፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከማየው ግን አዋጁ መኖሩን የሚያውቅ የቢሮ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ባለጉዳዩማ ይቅር።

ደግሞ መንግሥትን ብቻ አንውቀስ። የኛ የራሳችን ልማድ አለ። መታወቂያ ለማሳተም ፋይሉን በቴሌግራም ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ እንልካለን፣ ብሩን ከፍለን እንሄዳለን። ፋይሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የስንት ሰው ፋይል መሃል ተኝቷል። አንዳንዱ ደግሞ ቴሌግራሙን በዚያው ኮምፒውተር ከፍቶ ሳይወጣ ይሄዳል። እዚያው ቆማችሁ አስጠፉት፣ ከሪሳይክል ቢንም ጭምር። ቴሌግራማችሁ ውስጥ መሣሪያዎች የሚለውን ክፈቱና የማታውቁትን ኮምፒውተር አስወጡ። ለደላላ የላካችሁትን መታወቂያም አስቡት እስቲ።

መንግሥት ምስጢር ቁልፍ ይኑረው የሚሉ ሰዎች አሉ። ለፀጥታ ሲባል የሁሉንም ስልክ የሚከፍት ማለታቸው ነው። የድሮ ወታደር ስለሆንኩ የምስማማ ይመስላቸዋል። ግንቦት 2009 ላይ ዋናክራይ የሚባል፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮችን አዳርሷል፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኛ መልሰዋል። ቫይረሱ የተጠቀመበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ ቀድሞ ያገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ነበር። ለራሱ መሣሪያ አድርጎ ይዞት ነበር፣ ከእጁ ወጣ። አሜሪካ ያልቻለችውን ግምጃ ቤት እኛ እንጠብቃለን ብዬ አልምልም። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ አውጥቶ ነበር፤ የተጎዳው ያላዘመነው ነው። ዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል። ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ የተጫነ) ዊንዶውስ ላይ የዜጋ መዝገብ የሚያስቀምጥ ቢሮ በሩን ክፍት ትቶ ያድራል።

ኢንተርኔት መዝጋትንም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። የመገናኛ ሰው ስለነበርኩ መስመር መቁረጥ መሣሪያ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የምትቆርጠው የጠላትን መስመር ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ስትቀመጥ ከግቢ ውጭ የሚቀመጠው ባክአፓችን ቆሞ ነበር፣ ማዘመኛም አይወርድም ነበር። ያኔ ቴሌብር አልተጀመረም። አሁን ነዳጁም፣ ታክሲውም፣ የጉሊቷ እናት ሒሳብም በዚያው መስመር ላይ ነው። እንደዚያ ያለ መዘጋት ዛሬ ቢመጣ የሚመታው ማንን እንደሆነ ለማወቅ ቱሉ ዲምቱ ገበያ ቅዳሜ መውጣት ይበቃል። ሐሳቤን በግልጽ ልናገር፤ እቃወመዋለሁ።

ለድሮ ጓዶቼ፦ ትችላላችሁ። ዕድሜ አያግድም፤ ትዕግሥትና ሌሊት መንቃት ከእናንተ የተሻለ የሚችል የለም። እንግሊዝኛው መጀመሪያ ያታግላል፣ ይለመዳል። ያገለገለ ዴስክቶፕ ግዙ፣ ሊኑክስ ጫኑበት፣ አበላሹት፣ መልሱት። ቀጥሎ ኔትወርክ ተማሩ። በ2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፣ ሰርተፊኬትም ይሰጣል፤ ፕሮግራሚንግ ለመሞከር ይጠቅማል። ለቅጥር ግን የሲኦሲ ወረቀቱን ያዙ፤ የመንግሥት ማስታወቂያ እሱን ይጠይቃል። ደመወዙ እንደምታስቡት አይደለም፤ ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ።

ሥራው ላይ የገባችሁ ዕለት ከፊተኛው ሰው የምትረከቡት ቁልፍና ፓስወርድ ብቻ እንዳይሆን። ባክአፑ የት እንደሚቀመጥና መጨረሻ መቼ ተከፍቶ እንደተሞከረ ጠይቁ። የዩፒኤሱ ባትሪ መቼ እንደተገዛ ጠይቁ። የማያውቀውን «አላውቅም» ብሎ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙበት። የጥገና ውሎቹንና የዶሜይኑን (የድረ ገጹን አድራሻ) ማብቂያ ቀን ግን በወረቀት ላይ ብቻ አትተዉ፤ ስልካችሁ ላይ ሦስት ወር ቀደም አድርጋችሁ አስታዋሽ ሙሉበት፤ የመንግሥት ግዥ ከዚያ ባነሰ ጊዜ አያልቅም።